ቀይ ዝገትና «ሁሉም» የሚባለው ሰውዬ

ከቶኪዮ ርቃ ባለችው የብረት ከተማ ያሃታ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ ጭስ ማውጫው ከሩቅ የሚታየው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት የእኔ ነው። ኡሜኖ እባላለሁ። አማቴ ሲሞቱ ቤቱን ተዉልኝ፤ ባሌ ሲሞት ደግሞ ሌላ ምንም አልተወልኝም። ትምህርት ቤት የሄድኩት በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው እስኪፈርስ ድረስ ነው። ከፈረሰ በኋላ ማንም ተመለሺ አላለኝም፣ እኔም ልመለስ አላልኩም።

ከመግቢያው ላይ፣ በወንዶቹና በሴቶቹ በኩል መካከል፣ ከፍ ያለች መቀመጫ አለችኝ። እዚያ ተሰቅዬ ሁለቱንም ወገን አያለሁ። የዚህን ሰፈር ሰው፣ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ጨምሮ፣ እርቃኑን አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ማንንም አልፈራም። ሰውየው ከረባቱን አስሮ መንገድ ላይ ሲንጠባረር እኔ የሚታየኝ ቂጡ ላይ ያለው ጠባሳ ነው።

አሁን የማወራው ግን ስለ ቀይ ዝገት ነው። ቀይ ዝገት የሮክ ባንድ ነው። መጽሔት ላይ የጻፉ ሰዎች አሉ፤ ማን መቼ ገባ፣ ማን መቼ ወጣ እያሉ እንደ ዘር ሐረግ ዛፍ ስለውላቸዋል። አንድ ደንበኛ አሳይቶኛል። ፊደሉን ባልጨርሰውም ዛፉ ውሸት እንደሆነ አይቼ አውቄዋለሁ፤ ሥሩ ላይ መታጠቢያ ቤቴ የለም።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። ልጄ ቺዙሩ ሃያ ዓመቷ ላይ ሳለች ሦስት ጎረምሶች አስከትላ መጣች። ቺዙሩ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፏ የተቆለፈ ልጅ ናት። ሲያማት እንኳ አትናገርም፣ ግንባሯን ዳስሰሽ ነው የምታውቂው። ያን ቀን ግን ተናገረች።

«እማዬ፣ ሰኞ ሰኞ እንዘጋ የለ?»

«እንዘጋለን። ምን ይሁን?»

«ልምምድ እናድርግበት።»

«የምን ልምምድ?»

«የሮክ።»

ጎረምሶቹን አየኋቸው። አንደኛው የዓሣ ሻጯ ልጅ ጊንጂ ነው። ጸጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ጉትያ አቁሞ፣ ጥቁር ቆዳ ለብሶ፣ ሊያስፈራራኝ ደረቱን ነፍቷል። ይሄ ልጅ ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ ከእናቱ ጋር በሴቶቹ በኩል ሲታጠብ፣ ሳሙና ዓይኑ በገባ ቁጥር ሰፈር የሚቀሰቅስ ልጅ ነበር። ድምፁን ያኔ ነው ያሠለጠነው።

«ሴራሚኩን ማን ይፈትጋል?» አልኩት።

«ምን?»

«ሰኞ የምዘጋው ለእንቅልፍ መሰለህ? ወለሉና ግድግዳው የሚፈተግበት ቀን ነው። እንደፈለጋችሁ ጩኹ። ስትጨርሱ ብሩሹ እዚያ ነው። ሳትፈትጉ የወጣችሁ ቀን ጊታራችሁን ከፍልጡ ጋር ምድጃ እከተዋለሁ።»

ጊንጂ ሳቀ። ቺዙሩ አልሳቀችም፤ እናቷን ታውቃለች።

ስማቸውን ከምድጃው ጀርባ ካለው አሮጌ ቧንቧ ነው ያወጡት። ሰው እንዴት ራሱን ዝገት ይላል ብዬ ብጠይቃት ቺዙሩ «ከተማው ብረቱን ሁሉ ሸጦ ሲጨርስ ለእኛ የቀረው እሱ ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እኔ መልስ የማጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ያንን ዓመት በዚያ ጨረስኩት።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማንም ሰው ዘፋኝ ነው። ሴራሚኩ ድምፁን እየመለሰ ያወፍርለታል። እነዚህም በሴራሚክ ተሞላቀው አደጉ። መጀመሪያ ድምፅ መቅረጫ ክፍል የገቡ ቀን ጊንጂ የገዛ ድምፁን ሲሰማ «ታምሜያለሁ» ብሎ ቁጭ አለ። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጦ ነበር አሉ። ምን ዓይነት ሰው ግድግዳ በስፖንጅ ይለብጣል?

መጀመሪያ የወጣው ጊታር ተጫዋቹ ሹንኤይ ነው። አባቱ ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መቅደስ አለቃ መነኩሴ ነበሩ፤ በእኛ አገር መነኩሴ ሚስት ያገባል፤ ሽማግሌው ሲደክሙ የበኩር ልጅ ሄዶ መተካት አለበት፣ ወግ ነው። ሹንኤይ ጊታሩን ሲያስቀምጥ አለቀሰ። ጸጉሩን ሲላጭ ግን ያለቀሰው ጊንጂ ነው። «ያን የመሰለ ጸጉር!» እያለ።

ከዚያ በኋላ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። በተለይ ድራመር እንደ ጃንጥላ ነው፣ የትም ይረሳል። የመጀመሪያውን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሰሜን ጫፍ አዛወረው፤ በየክረምቱ ሸርጣን ይልክልናል። ሦስተኛው የጊንጂን እህት ወደደ፤ ከእሷ ሲጣላ ከባንዱም ተጣላ። አራተኛውን ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ ድራሙ» አለችው። ድራሙን መረጠ። ሳምንት ሳይሞላው ድራሙን ሸጦ ሚስቱን ሲለምን ተገኘ።

አዲስ ሰው ሲመጣ እነሱ አጨዋወቱን ይሰማሉ፤ እኔ አፈታተጉን አያለሁ። መሐሉን ብቻ ፈትጎ ማዕዘኑን የሚዘል ሰው አይቆይም። ከቧንቧው ጀርባ እጁን የሚሰድ ይቆያል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልሠራልኝ፤ ፖስታ አዳዩ ኩራሞቶ። ጊታር ሊይዝ የመጣ ቀን ብሩሹን እንደ ማንኪያ ይዞ አየሁትና «የሰኔው ዝናብ ሳይገባ ይሄዳል» አልኩ። ይኸው እዚሁ ሸበተ። እሱ ላይ ሴራሚኩ ነው የተሳሳተው።

ሁለተኛውን ድራመር ዘለልኩት፤ እሱ የቶኪዮው ጉዳይ ነው። ባንዱ አጎራባቿ ከተማ ኮኩራ ወርዶ በየምሽት ቤቱ መጫወት ሲጀምርና ወጣቱ መጨናነቅ ሲያበዛ፣ ከቶኪዮ የዘፈን ኩባንያ አንድ ሰው መጣ። ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ቺዙሩ ወተት ልታመጣ ስትሄድ ጠብቆ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አላቸው፦

«ሁሉም ግሩም ነው። ቤዟ ላይ ብቻ... ትንሽ ፈገግ የምትል፣ ትንሽ ቀጠን ያለች ልጅ ብትኖር...»

ባልዲ እጄ ላይ ነበር። ወረወርኩት። ውሃ እንደነበረበት የተረዳሁት ከወረወርኩት በኋላ ነው፤ ብረዳም ያው ነው። ጊንጂም፣ ይመስገንና፣ ከመሬት ተነስቶ «እሷ ከሌለች እኔ አልዘፍንም» አለ። ሰውየው ሸሚዙን እየጨመቀ አራቱንም ወሰዳቸው።

ቺዙሩ ግን ከመሄዷ በፊት መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማዬ፣ ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁለተኛ በባንዱ ጉዳይ አፍሽን እንዳትከፍቺ። ማይልኝ።»

«ብሩሽ የማይዝ ሰው ቢመጣስ?»

«ማይልኝ።»

በአባቷ ሥዕል ፊት ማልኩ። በዚህ ቤት የተማለ አይፈርስም።

ቶኪዮ የብር ቀለም ያለው ልብስ አለበሷቸው። አንድ ዘፈናቸው ካሪ የሚሉት የወጥ ቅመም ማስታወቂያ ላይ ገባ፤ ሁለት በጋ ያህል ሕፃን ሳይቀር ሲዘፍነው ነበር። ከዚያ ካሪው ማስታወቂያ ቀየረ። ኩባንያው ስልክ ማንሳት ተወ። ድራመሩ እዚያው ቀርቶ ከአንዲት ቀሚሷ ካጠረ ዘፋኝ ጀርባ መምታት ጀመረ። ሦስቱ ግን አንድ ሰኞ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ደጄ ላይ ተደረደሩ።

ምን ልላቸው ነው? «ብሩሹ የነበረበት ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን እዚሁ አሳለፉ። በበዓል ቀን ወደብ ላይ ይጫወታሉ፣ ቅዳሜ ኮኩራ ይወርዳሉ፣ አንዳንዴ ሩቅ ከተማ ድረስ ይጠራሉ። ጊንጂ የእናቱን ዓሣ ቤት ተረከበ። ቺዙሩ ቀን ምድጃዬን ታነዳለች። ድራሙን አሁን የምትመታው አምስተኛዋ ናት፤ ናጹሜ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ከሌሎቹ በብዙ የምታንስ ልጅ። የመጣች ቀን ከቧንቧው ጀርባ እጇን እስከ ክንዷ ሰደደችና የአማቴን ዘመን ማበጠሪያ አወጣች። ወተት ሰጠኋት።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ባለፈው መስከረም ነው። አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ ፈትገው ጨርሰው፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቀዝቃዛ ወተታቸውን በየጠርሙሱ ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ መቀመጫዬ ላይ ፎጣ አጥፋለሁ።

ናጹሜ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይቅርታ አድርጉልኝ... የልጆቹ የስፖርት ቀን ደርሷል። ለዝግጅቱ ምናልባት አንድ ሰኞ ብቀር...»

«ኧረ ምንም አይደል!» አለ ጊንጂ። «ሁላችንም እኮ ጊዜ አጥሮናል። እኔም ጉሮሮዬ ሰሞኑን ደከም ብሏል።»

ኩራሞቶ ጠርሙሱን አሽከረከረ። «አዎ... ለሁሉም ከባድ እየሆነ ከመጣ... ማለቴ፣ ማንም እንዳይቸገር...»

«ሁሉም እንደዚያ ካሰበ እኔ አልቃወምም» አለች ቺዙሩ፣ ወለሉን እያየች።

«አይ፣ ሁሉም ከተስማማ እኔም...» አለ ጊንጂ።

«እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ ሁሉም የወሰነውን እቀበላለሁ» አለች ናጹሜ።

ከዚያ አራቱም ተነስተው እርስ በርሳቸው ጎንበስ አሉ። «ለብዙ ዘመን ድካማችሁ እናመሰግናለን» ተባባሉ። ሃያ ስምንት ዓመት የቆየ ባንድ ወተቱ ሳያልቅ ሞተ! ማን እንደገደለውም የሚያውቅ የለም።

እኔ ፎጣዬን ይዤ ቀረሁ። ከላይ ሆኜ አየኋቸው፤ አራት ናቸው። «ሁሉም» የሚባለው አምስተኛ ሰውዬ የታለ? ድራም አይመታም፣ ወለል አይፈትግም፣ ወተት አይጠጣም። ግን መጥቶ ወሰነላቸው፤ እነሱም ታዘዙት። እንዲህ ነው እዚህ አገር። ይሉኝታ ከያዘን ቤታችን ሲቃጠል እንኳ ጎረቤት እንዳይረበሽ በሹክሹክታ ነው እሳት የምንለው።

አፌን ልከፍት አየር ሳብኩ። የባሌ ሥዕል ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

የስንብት ዝግጅቱ ከወር በኋላ ባለው ሰኞ፣ እዚሁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዲሆን ተቆረጠ። ማስታወቂያው በየግንቡ ተለጠፈ። ቺዙሩም ቤዟን በጨርቅ ጠቀለለችና ቁም ሣጥን ከተተችው። ፍልጥ ስትፈልጥ ታንጎራጉር ነበር፤ ከመጥረቢያው በቀር ድምፅ ጠፋ። ምሳ ላይ «ሩዙ ጥሩ ነው?» ስላት ራሷን ትነቀንቃለች። ያቺ ልጅ በዕድሜዋ ሁሉ ያወራችው በእነዚያ አራት ክሮች ነው። እነሱ ከተዘጉ ልጄ በአርባ ስምንት ዓመቷ ድዳ ሆና ምድጃ ጥግ ልትቀርብኝ ነው። እኔ ስሞት ግንባሯን ማን ይዳስስላታል?

ስለዚህ አፌን ሳልከፍት ጆሮዬን ከፈትኩ።

ጊንጂ ሊታጠብ መጣ። «እውነት ደክሞህ ነው?» አልኩት፣ እንደ ዋዛ።

ወዲያ ወዲህ አየ። «ለቺዙሩ ብዬ ነው፣ እማማ። ምድጃው አለባት፣ እርስዎም አርጅተዋል...»

«ማን ነው ያረጀው?»

«ማለቴ... ገፋ ብለዋል።»

«አናትህ ላይ የቀረችውን ጸጉር መጀመሪያ ቁጠርና ስለ እርጅና ታወራኛለህ። እና አንተስ?»

«እኔማ እስክሞት ብዘፍን አልጠግብም። ግን ለቺዙሩ እንዳይነግሯት፣ ይከብዳታል።»

ኩራሞቶ ፖስታ ይዞ መጣ። «ጊንጂ ጉሮሮዬ ደከመ አለ እኮ። ማቆም ፈልጎ ለመናገር አፍሮ ነው ብዬ መንገዱን ልክፈትለት አልኩ። እኔ? እኔማ ቀኑን ሙሉ ብስክሌት ላይ ሆኜ የማስበው ሰኞን ነው። እባክዎ በመሐላችን ይቅር።»

ናጹሜ ፎጣ ልትመልስ መጥታ መግቢያው ላይ አለቀሰች። «የእኔ የስፖርት ቀን ነው ያፈረሰው! ባልናገር ኖሮ...»

ቺዙሩን ምድጃው ዘንድ ጠየቅኳት። «ሰዎቹ የራሳቸው ሕይወት አላቸው፣ እማዬ። በእኛ ውለታ አስሬ ይዣቸው ነው የኖርኩት። ይረፉ» አለች። «አንቺስ?» ስላት መጥረቢያውን አነሳች።

አያችሁ? አራቱም አንዱ ለሌላው አዝኖ፣ ማንም ያልፈለገውን ቀብር ሊቀብር ነው። ሁለቱ ወንዶች ደግሞ «አይንገሩ» ብለው አፌን በላይ በላዩ ቆለፉት።

ሦስት ሳምንት አሰብኩ። መልሱ ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር፤ ግንቡ።

መታጠቢያ ቤት የሚያውቅ ያውቃል። በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ያለው ግንብ ጣሪያ አይደርስም። ባልና ሚስት በላዩ «ልወጣ ነው!» ይባባላሉ፣ ሳሙና የረሳ ከወዲያ ይወረወርለታል። ሹክ ካላሉ በስተቀር እዚያ ምስጢር የለም። ሴራሚኩ ሁሉን ያደርሳል።

የስንብቱ ቀን ከምሳ በኋላ «ዕድፍ ይዛችሁ አትሰናበቱም፤ ውሃ ይሙቅ» አልኩ። ቺዙሩ አነደደች። መጀመሪያ እሷንና ናጹሜን በሴቶቹ በኩል አስገባኋቸው። «ራሴን እየፈለጠኝ ነው፣ ዝም ብላችሁ ተነከሩ» አልኩ። ቺዙሩን ዝም በይ ማለት ዓሣን ዋኝ እንደማለት ነው። ጥቂት ቆይቼ ወንዶቹን ጠራሁ።

ጊንጂ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ማዶው አየ። «ሴቶቹስ?»

«ቢራ እንዲያመጡ ልኬያቸዋለሁ።»

ዋሸሁ። የማልኩት በባንዱ ጉዳይ አፍ ላለመክፈት ነው፤ ስለ ቢራ የማልኩት ነገር የለም።

ሁለቱም ገንዳው ውስጥ እስከ አንገታቸው ሰመጡ። ተመቻችተው «እእፍ» ሲሉ ጠበቅኩና ከመቀመጫዬ ጮክ አልኩ።

«ጊንጂ! ይሄ ጆሮዬ ከብዷል። ሊታጠብ የመጣህ ጊዜ ምን ነበር ያልከኝ?»

«ምኑን?»

«አይሰማኝም! ጮክ በል!»

ጊንጂን ጮክ በል ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ለቺዙሩ ብዬ ነው ያቆምኩት ነው ያልኩት! እኔማ እስክሞት ብዘፍን አልጠግብም!»

«አልጠግብም! አልጠግብም!» አለ ሴራሚኩ።

ኩራሞቶ ከውሃው ብድግ አለ። «ምን አልክ? ጉሮሮዬ ደከመ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር!»

«ጉንፋን? እኔ እኮ በአንተ ጉንፋን ነው ባንድ ያፈረስኩት! ማር በሎሚ አትልም ነበር?»

«አንተስ 'ለሁሉም ከባድ ነው' ስትል ደክሞህ መስሎኝ! ሰኞ ሰኞ እግርህን ስታሽ አይቼ!»

«ብስክሌት እነዳለሁ እኮ፤ እግሬን ባሽ ምን አለበት?»

ከማዶ ውሃ ተንቦጫረቀ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ፦ «እኔ... እኔ እኮ የስፖርት ቀኑ መስሎኝ...»

ወንዶቹ ደረቁ። ጊንጂ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር።

«ናጹሜ?» አለ። «አንቺ... ብቻሽን ነሽ?»

ቧንቧው ጠብ ሲል ይሰማል። እኔ ከላይ ሆኜ ልጄን አየኋት። ገንዳው ዳር ቆማለች፣ ፊቷ ቀልቷል፣ እጇ ላይ ሳሙና ይዛለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም።

ከዚያ ሳሙናው በግንቡ ላይ ተሻግሮ በረረና ጊንጂን አናቱን መታው።

«ደደቦች!» አለች ቺዙሩ። የዕድሜዋ ንግግር ሁሉ ቢደመር ያን ያህል አይጮህም። «አንድ ሰው 'እፈልጋለሁ' ማለት ያቅተዋል? አንድ ሰው!»

ጊንጂ አናቱን ይዞ «አንቺስ አልሽ እንዴ?» አለ።

ቺዙሩ ወደ ግንቡ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እፈልጋለሁ» አለች።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ግን ሴራሚክ ነውና ደረሰ። እኔም ዘንድ ደረሰ። ፎጣው ውስጥ ትንሽ አፍንጫዬን ናፍጫለሁ፤ እንፋሎቱ ነው።

ኩራሞቶ «እኔም» አለ። ናጹሜ እየተንሰቀሰቀች «እኔም» አለች። ጊንጂ «ሳሙናሽን ልመልስልሽ?» አለ።

ደስታው የቆየው ልብስ እስኪለብሱ ነው። በር ላይ ሰልፍ ተሠርቷል። የጊንጂ እናት ትልቅ እቅፍ አበባ ይዘው ከፊት ቆመዋል። አራተኛው ድራመር ሚስቱን ይዞ መጥቷል። ሹንኤይ መነኩሴው ቀሚሱን እንደለበሰ ጊታር አዝሏል።

«ሰው ሊያለቅስልን መጥቶ አልሞትንም ልንል ነው?» አለ ኩራሞቶ፣ ላቡን እየጠረገ። «ይሄ እንዴት ያለ ነውር ነው? እማማ፣ ምን እናድርግ?»

«እኔን አትጠይቁኝ» አልኩ። «ምያለሁ።»

ቺዙሩ ዞር ብላ አየችኝ። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ከእኔ ነው የወረሰችው።

ውሃው ተለቀቀ፣ ገንዳው ደረቀ። ሰዉ ገንዳው ውስጥና ዳር ዳሩን ተቀመጠ። ተጫወቱ። ስለ ሙዚቃ አልነግራችሁም፣ አላውቅበትም፤ ብቻ የካሪዋ ዘፈን ላይ ሹንኤይ መነኩሴነቱን ረስቶ ቀሚሱን ከፍ አድርጎ ሲዘል ከገንዳው ጠርዝ ሊወድቅ ነበር። የቺዙሩ ቤዝ ወለሉን አልፎ በመቀመጫዬ እግር ወደ ላይ መጣ። ወር ሙሉ አጥንቴ የናፈቀው እሱን ኖሯል።

መጨረሻ ላይ ጊንጂ ማይኩን ያዘ። ጎንበስ አለ። ሴቶቹ መሐረብ አወጡ።

«እ... ዛሬ እዚህ ድረስ ለመጣችሁ... እንግዲህ እኛ ደግሞ... ሁሉም ፈቃዱ ከሆነ ምናልባት...»

ቺዙሩ ማይኩን ከእጁ ቀማችው። በባንዱ ዕድሜ ሁሉ ማይክ ይዛ አታውቅም፤ አጠጋችውና ጮኸባት፣ ራቅ አደረገችው።

«እኔ ማቆም አልፈልግም» አለች። «ሦስቱም አይፈልጉም። አናቆምም።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መሐረቦቹ አየር ላይ ቀሩ። የጊንጂ እናት ከመሐል ተነሱ።

«ታዲያ ይሄ አበባስ?»

«አበባው አይባክንም» አለ ሹንኤይ። «እኔ ዘንድ ሟች ጠፍቶ አያውቅም።»

ገንዳው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ልብ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

ሳቁ ሲበርድ ሹንኤይ ራሱን እየዳሰሰ ቀረበ። «እንግዲህ ካላቆማችሁ... ሰኞ ሰኞ እኔም ብመለስስ? ሁለት ጊታር...»

ጊንጂ ፊቱ በራ። «ኧረ ሁሉም ደስ ይለዋል!»

«ማን ነው 'ሁሉም'?» አለች ቺዙሩ። ወደ ፖስታ አዳዩ ዞረች። «ኩራሞቶ፣ አንተ ትፈልጋለህ?»

ኩራሞቶ እንደ ሰኔ ብርቱካን ኮመጠጠ። ወለሉን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «አልፈልግም» አለ።

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ባንድ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ናጹሜ አፏን በእጇ ያዘች። ኩራሞቶ ራሱ ከሁሉም በላይ ደነገጠ። «ማለቴ፣ ጌታዬ፣ እርስዎ ታላቅ ነዎት፣ ግን ያ ቦታ የእኔ... እኔ ወድጄዋለሁ...»

መነኩሴው ሆዱን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ስንት ዓመት ስለ ይሉኝታ ስሰብክ እንደዚህ ያለ መልስ አግኝቼ አላውቅም! ተወው፣ የእኔ ልጅ፣ ቦታው የአንተ ነው።»

«በዓመት አንድ ጊዜ ግን ይምጡ» አለ ኩራሞቶ፣ ጎንበስ ብሎ።

«ለዓመት አንድ ጊዜውም ቢሆን መፈተግ አለብህ» አልኩ እኔ። ይሄ የባንድ ጉዳይ አይደለም፤ የቤት ጉዳይ ነው። ሹንኤይ እጅጌውን ጠቅልሎ ብሩሽ አነሳ። ከፊተኞቹ ድራመሮች የመጡትም፣ የአንዱ ሚስት ሳትቀር፣ ተንበረከኩ። ያን ቀን ወለሉ እንደ ሩዝ ሳህን አበራ።

ሰዉ ሲበተን ቺዙሩ መቀመጫዬ ሥር መጣች።

«ምለሽ ነበር።»

«ምያለሁ፤ አላፈረስኩም። ጆሮዬ ከብዶኝ ሰው ድገምልኝ ማለት ኃጢአት ነው?»

«ጆሮሽ ጣሪያ ላይ የአይጥ ኮቴ ይሰማል።»

«በቀኙ ነው የምሰማው። ጊንጂ የነበረው በግራ ነው።»

አንድ ጠርሙስ ወተት መቀመጫዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ክዳኑን ከፍታልኝ ነበር፤ ጣቶቼ ክዳን መክፈት እንደተሳናቸው መቼ እንዳየች አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ከምድጃው በኩል የመጥረቢያው ድምፅ መጣ። ቆይቶ ማንጎራጎሩም መጣ። ምን ዜማ እንደሆነ አልለየሁትም፤ ውሃው ግን በጊዜ ሞቀ።